ለትርንጎ የተላከ ምስጋና

ኦስቲያ፣ ሮም
ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለመዓዛ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ እንደምን ናት? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ የባሕር እርጥበት በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። መድኃኔዓለም አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ።

ይቺ ደግሞ ከየት መጣች እንዳትዪ፣ አመተ ማርያም ነኝ። እናትሽ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከእህት በምን ታንሳለች። ከአገር ስወጣ አንቺ የፊት ጥርሶችሽ ወልቀው፣ ስታወሪ የምታፏጪ ልጅ ነበርሽ። አሁን ፊልም ሥራ ውስጥ ገብታ የተዋናዮቹን ልብስ የምታዘጋጀው እሷ ናት ብላ እናትሽ ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቁጥርሽን ተቀብዬ ብደውል ብደውል አታነሺም። የድምፅ መልእክት ብልክ መልስ የለም። የዘመኑ ልጆች እንዲህ ናችሁ ብዬ ተውኩትና ይኸው ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ አባ ብርሃነ ሥላሴ እዚህ ሮም የሚማሩ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። እኛ ኦርቶዶክሶቹም ብንሆን አደራችንን የምንሰጠው ለእሳቸው ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ሳምራዊት ኃይለመለኮትን ታውቂያታለሽ? እንዴት አታውቂያትም፣ የምትለብሰውን የምታቀርቢላት አንቺ ነሽ። እንግዲህ ለእሷ የምትነግሪልኝ ምስጋና አለኝ፤ ሳይደርሳት ብሞት ቅር ይለኛል።

እዚህ ያለነው ያገር ልጆች አብዛኞቻችን ሰው ቤት ነው የምንሠራው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ሴትየዋ ስሜ አፏ ላይ አልገባ ብሏት «ማሪያ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም «ማሪያ»፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም «ማሪያ»። ከሽርጡ ጋር አብሮ የሚሰጥ ስም ነበር። እኔም ለምጄው፣ መንገድ ላይ ያገሬ ሰው «አመተ» ብሎ ሲጠራኝ ሳልዞር የማልፍበት ጊዜ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የሁላችንም ዕረፍት ነው። ሮማኒና በሚባለው ሰፈር፣ ዘመናይ የምትባል ጓደኛዬ ቤት እንሰበሰብና የአማርኛ ፊልም እናያለን። አንድ ሐሙስ «ቁልፉን ለጎረቤት» ተከፈተ። ሳምራዊት ትርንጎ የምትባል የቤት ሠራተኛ ሆና ትሠራለች። ቤተሰቡ በሙሉ «አንቺ ልጅ» ነው የሚላት። መጨረሻ ላይ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «እኔ ስም አለኝ። በስሜ ጥሩኝና የፈለጋችሁትን እዘዙኝ» ትላለች። አትጮህም፣ አታለቅስም። እንግዳን ቁጭ በሉ እንደምትል ሴት ቀስ ብላ ነው የምትለው።

በማግስቱ ሴትየዋ «ማሪያ» ስትለኝ፣ በዚያች በተሰባበረች ጣሊያንኛዬ፣ ልክ ትርንጎ ባለችው አኳኋን ስሜን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አሎራ፣ እንግዲያው እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ አመተ ነበርኩ። ዘመናይም እኔም እላለሁ ብላ ስትናገር ከሥራ ተባረረች፤ ግን የተሻለ ቤት አገኘችና እስከ ዛሬ አልቆጫትም።

ይህን ንገሪልኝ። ሮም ውስጥ ስማቸውን ያስመለስሽላቸው ሴቶች አሉ በያት።

አክባሪሽ፣ እህትም አክስትም የምሆንሽ
አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ኮተቤ
ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አመተ ማርያም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ደብዳቤዎን ሳነብላት ስታለቅስ ነበር። አባ ብርሃነ ሥላሴም ቤት ድረስ መጥተው ነው የሰጡን፤ ያመስግኑልኝ።

ስልክ ባለማንሳቴ ይቅርታ። ንቄዎት አይደለም። ስልክ ላይ ማውራት አይሆንልኝም፣ ተፈጥሮዬ ነው። በጽሑፍ ቢሆን ግን ደስ ይለኛል።

ሳምራዊት ደህና ናት። ጥሩ ሰው ናት፣ ሰው እንደሚያወራው ኩራት የለባትም። መልእክትዎን አደርስላታለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ? ሌሎቹንም ፊልሞቿን አይተው ከሆነ የወደዱትን ቢጽፉልኝ። በተለይ አነጋገሯን። እዚህ ሰው የሚያወራው ስለ መልኳና ስለ ልብሷ ብቻ ነው።

መዓዛ


ኦስቲያ፣ ሮም
ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለመዓዛ፣

የጌታችን ልደት እንዴት አለፈ? እኛ ገና ሁለት ጊዜ ነው የምናከብረው፤ አንዱን አሁን ከማስታምማቸው አሮጊት ከሲኞራ ጋር፣ አንዱን ከራሳችን ጋር። አምላክ ከዘመን ዘመን አሸጋግሮ ለዚህ ስላበቃሽ ደስ ብሎኛል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀሽኝማ እጄ አያርፍም። እኔ እኮ ፊልም የማየው በዓይኔ አይደለም። ቀን ቀን ሸሚዝ እየተኮስኩ ወይ ሽንኩርት እየላጥኩ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምሰማት። ፊቷን የማየው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ስለዚህ መልኳን ለሌሎቹ ትቼላቸዋለሁ፤ እኔ የማውቀው ድምፅዋን ነው።

«ሦስተኛው መንገደኛ» ላይ መናኸሪያ ቲኬት ትሸጣለች፣ ከእስር የሚፈታ ወንድሟን እየጠበቀች። አውቶቡስ በገባ ቁጥር ረዳቱ «አልመጣም» ይላታል፣ እሷም «እሺ» ትላለች። ያቺን «እሺ» ልብ ብለሽ ሰምተሻል? የመጀመሪያዋ «እሺ» ምንም የላትም። ቀጥሎ ያለችው ጫፏ ላይ ትሰበራለች። መጨረሻ ላይ ወንድሟ ሲወርድ ደግሞ ያው ረዳት «መጣ» ሲላት «እሺ» ነው የምትለው፣ ሌላ ቃል አጥታ። እኔ የሲኞራን ቀሚስ ያቃጠልኩት ያኔ ነው። ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ ቀሚሱ አሮጌ ነበር።

«የእናቷ ሚዜ» ላይ ደግሞ ትስቃለች። እናቷን ስትድር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ሳቋ ያመልጣትና መልሳ ትውጠዋለች፤ ግን አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ይቀራል። ዘመናይ እንደዚያ ለመሳቅ ስትሞክር ማየት ነበረብሽ። አበበች የምትባል ዝምተኛ ጓደኛችን እንኳ ከወንበር ልትወድቅ ነበር።

አሁን አንድ ቅሬታዬን ልናገር። አዲሱን ፊልሟን አየነው። ልጄ፣ ምን ሆናለች? ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ይሰነጠቃል። ጉንፋን ይዟት ነው እንጂ እሷ እንዲህ አትሆንም ብዬ ተሟገትኩላት። እዚህ ፋርማሲ የሚሸጥ፣ ከማር የሚሠራ የጉሮሮ ካራሜላ አለ፤ ለጥምቀት አገር ቤት በምትገባው በጓደኛችን በሊሊ እጅ ልኬላታለሁ። ጠዋትና ማታ ትምጠጥ፣ ቀዝቃዛ አትጠጣ፣ አንገቷን ትሸፍን በያት። አደራ፣ በእጇ ስጪልኝ።

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ኮተቤ
መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አመተ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። ይህችን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ በስልክ ነው የምልከው፣ የሚመጣ ሰው ስላጣሁ።

ካራሜላው ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ።

እትዬ፣ ሥራ ፈትቻለሁ። አዲሱ ዳይሬክተር የራሱን ሰዎች ይዞ መጣ። ሌላውም ሥራዬ ቆመ። ቤት ውስጥ እንዲህ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ እዚያ መጥቼ እንደ እርስዎ ሰው ቤት ብሠራ ምን ይመስልዎታል? ምግብ እችላለሁ፣ ልብስ መተኮስማ የኖርኩበት ነው። ብዙ አልናገርም፣ ሰው አላስቸግርም። መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ።

መዓዛ


ኦስቲያ፣ ሮም
ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለመዓዛ፣

እንኳን ለሕማማቱ ዋዜማ አደረሰሽ፤ ለትንሣኤውም በሰላም ያድርሰን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

በመጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እንደ እኔ ያለችዋን ሴት እዚህ ባዳንቴ ነው የሚሏት። አሮጊት ታጥቢያለሽ፣ ታበያለሽ፣ ስታለቅስ ታባብያለሽ። ነውር የለበትም፤ እኔ ኖሬበታለሁ። ግን ወረቀቱ ከባድ ነው፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ዛሬም ከሌሊት ጀምሬ እሰለፋለሁ። ነይ ብዬሽ ብትጉላዪ ለእናትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ከቆረጥሽ ግን አልጋዬን እካፈልሻለሁ። ይህን ቃሌን ያዢ። እስከዚያው «ሌላውም ሥራዬ ቆመ» ያልሽው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ አልገባኝም።

አሁን ደግሞ የገጠመኝን ጉድ ስሚ። ሲኞራ ኤልቪራ በወጣትነታቸው ዶፒያጆ ነበር ሥራቸው። ጣሊያን የውጭ አገር ፊልም ጽሑፍ እያነበበ አያይም፤ ጣሊያናዊ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ በተዋናዩ አፍ ልክ ድምፅ ያስገባለታል። ሲኞራ ስንቷን የውጭ ተዋናይት በጣሊያንኛ ያናገሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ሰኞ «ቁልፉን ለጎረቤት»ን ስሰማ ምንድነው እሱ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ አፏን ብቻ ነው የሚያዩት። ጥቂት ቆይተው «ይሄ የእሷ ድምፅ አይደለም» አሉኝ።

ክው አልኩ። «እንዴት ይሆናል» ስላቸው፣ «ደረቷ አየር ሳይስብ ድምፁ ተነፈሰ። የምትስቀው አንዷ ናት፣ የሚሰማው የሌላዋ ሳቅ ነው። ሁለት ሴቶች ናቸው። ግን ድምፁን የሰጠችው ጎበዝ ናት» አሉ። እኔ ተናደድኩ። የምወዳትን ሰው ሌባ ያሉብኝ መሰለኝ። ምሳቸውን አቅርቤ ሳላናግራቸው ወጣሁ። እሳቸውም አልለመኑኝም፤ ኩሩ ናቸው።

ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አዲሱ ፊልም ላይ ያለው ያ ቀጭን ድምፅ ትዝ ይለኛል። እውነት ከሆነ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምስጋናዬን የላክሁት ላልሆነ ሰው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የሰማኋት፣ ስሜን ያስመለሰችልኝ ሴት የት እንዳለች እንኳ አላውቅም ማለት ነው። ማንም አመስግኗት አያውቅ ይሆናል። አንቺ ውስጥ አዋቂ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ በሞቴ። ማን ናት?

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ኮተቤ
ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አመተ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። በሞቴ ባይሉኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።

እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የሆነው እንዲህ ነው። «ቁልፉን ለጎረቤት» የተቀረጸው በክረምት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ነበር። ዝናቡ የሰውን ድምፅ ሁሉ በላው። ድምፅ እንደገና በስቱዲዮ ይቀረጽ ሲባል ሳምራዊት ቶንሲሏን ታማ መናገር አቅቷት ነበር። እኔ ልብስ ይዤ ከካሜራው ጀርባ ስቀመጥ ቃሉን ሁሉ በቃሌ ይዤው ነበርና፣ እሷ እስክትድን ድረስ ለመለኪያ ያህል አንቺ ግቢ ተባልኩ። ግድግዳው በፍራሽ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። አፏን እያየሁ ተናገርኩ። ሰሙትና ይሄው ይሁን፣ እንደዚሁ ይውጣ አሉ። ፊልሙ ወጣ፣ ሰው ወደደው። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል? የሷ ፊትና የእኔ ድምፅ አንድ ሰው ሆኑ። ለማንም እንዳንናገር ተስማማን። በፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ስሜ «አልባሳት» ከሚለው ጎን ብቻ ነው ያለው።

ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው። አፌን ከከፈትኩ ታውቁኛላችሁ ብዬ ነው። እማዬ እንኳ ፊልሙን ስታይ «ይቺ ልጅ አንቺን ትመስለኛለች» ብላ ታውቃለች፤ ሳቅሁባት።

አሁን ድምፁ እዚያው በቀረጻ ቦታ ይያዛል፣ መሣሪያው ጥሩ ነው። እኔ አላስፈልግም። አዲሱ ፊልም ላይ የሰሙት የራሷን የሳምራዊትን ድምፅ ነው። ጉንፋን አልያዛትም። ሰው ስለሳቀባት ከቤት አትወጣም፣ ታሳዝነኛለች።

ትርንጎ ቀስ ብላ ተናገረች ብለው ጽፈው ነበር። እኔማ ልጮህ ነበር ያሰብኩት። የስቱዲዮው ባለቤት ሕፃን ልጅ ጎን ካለው ክፍል ተኝታ ስለነበር ነው ቀስ በይ ያሉኝ።

ካራሜላውንም የመጠጥኩት እኔ ነኝ። ሳምራዊት ጋ ይዤው ሄጄ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ከትራሴ ሥር ነው የማስቀምጣቸው። ሰው «እሺ» ስል ሰምቶኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ለሴቶቹ እንዳይነግሩብኝ፣ እለምንዎታለሁ። ቃል አለብኝ።

መዓዛ


ኦስቲያ፣ ሮም
ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

መዓዛዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አሳምሬ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤሽን ኩሽና ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። በዚያ በወለቀ ጥርስሽ ስታፏጪ «ንፋስ ገባብሽ» እያልኩ የሳቅሁብሽ ልጅ፣ እኔ እዚህ ሸሚዝ እየተኮስኩ የተጽናናሁብሽ ነሽ። ሳምራዊትን አመስግኚልኝ እያልኩ ያስቸገርኩሽ አንቺን ራስሽን ነው። ካራሜላው ደግሞ ትክክለኛው ጉሮሮ ጋ መድረሱ ደስ አለኝ። ያቺ ሕፃን የት ናት? አድጋ ይሆናል። እድሜ ይስጥልኝ፣ ባለውለታዬ ናት።

ለሲኞራ ነገርኳቸው። ለእሳቸው አትንገሪ አላልሽኝም፤ ለማንስ ይናገራሉ። አልደነቃቸውም። እንዲህ ብለው አጫወቱኝ። ድምፃቸውን የሚሰጧት አንዲት የውጭ ተዋናይት ነበረች፣ ለብዙ ዓመት። አንድ ጊዜ ሮም መጣች። ሲኞራም ከሕዝቡ ጋር ተሰልፈው ፊርማዋን ተቀበሉ፤ ማን እንደሆኑ ሳይነግሯት ተመለሱ። «ዛሬ ብሆን እነግራት ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ያቺ ልጅ እዚህ መጥታ እኔን ብታጥበኝ እወዳለሁ፤ ግን መጀመሪያ እዚያው ስሟን ትጠይቅ። እኛ አገር የድምፅ ሰዎች ስም ከፊልሙ ጋር ይጻፋል» በያት አሉኝ። ይኸው ብያለሁ።

አሁን የቸገረኝን ስሚ። ሴቶቹ ለሳምራዊት ስጦታ ጀምረው ነበር። ነጠላ ነው። ጥለቱ ላይ «ለትርንጎ» ብለን ጠልፈን፣ ጫፉ ላይ እያንዳንዳችን ስማችንን ጠለፍን፤ ማሪያውን ሳይሆን እውነተኛውን። ሲኞራም የእኔንም ጨምሪ አሉኝና በአማርኛ ፊደል ጠለፍኩላቸው። ሴቶቹ ሲጠልፉ ምላሴን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት። አባ ብርሃነ ሥላሴ ለክረምት ሲመጡ ያመጡልሻል። ለእሷ ብትሰጪም፣ አንቺ ብታስቀሪውም አልፈርድም። አንቺ እንደመሰለሽ።

ሮም መምጣቱን የወሰንሽ ጊዜ ንገሪኝ፤ ቃሌ ቃል ነው።

አመተ


አዲስ አበባ፣ ኮተቤ
ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት እትዬ አመተ፣

ፍልሰታን እንዴት አሳለፉ? ሲኞራ እንዴት ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከከረምኩበት ሁሉ ዛሬ ደህና ነኝ።

አባ ነጠላውን አመጡልኝ። ለሁለት ቀን ቤት አስቀመጥኩት፣ ልዋሽዎት አልችልም፣ ለብሼውም አየሁት። ከዚያ ለሳምራዊት ይዤላት ሄድኩ። ከሮም ሴቶች የተላከ ነው ብቻ አልኳት። ዘርግታ «ለትርንጎ» የሚለውን አነበበች፣ ስሞቹንም አንድ በአንድ አነበበች። ለበሰችው። ከዚያ አውልቃ እኔ ትከሻ ላይ ጣለችውና «የማን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን» አለችኝ። እኔ ለእሷ ሳዝን፣ እሷ ለካ ሰው ድምፅሽ እያለ ባመሰገናት ቁጥር የሰው ገበታ ላይ የተቀመጠች ይመስላት ነበር። አለቀስን። ከዚያ ሻይ ጠጣን።

የእርስዎን የመጀመሪያ ደብዳቤ አነበብኩላት። «ይህን እኮ እኔ ላስመስለው አልችልም፣ አስተምሪኝ» አለች። የራሷ ድምፅ መጥፎ አይደለም፣ እትዬ፤ ሁልጊዜ ስለምትፈራ ከጉሮሮዋ ነው የምታወጣው። በየቀኑ እየሄድኩ አብረን መሥራት ጀመርን። በመስከረም አዲስ ቀረጻ አላት። ያኔ የሲኞራ ነገር ትዝ አለኝና ስሜ ይጻፍልኝ አልኩ። ፕሮዲውሰሩ ምን ብለን ነው ሲል ሳምራዊት ራሷ «የድምፅ አሠልጣኝ፣ መዓዛ» ብላችሁ ጻፉ አለችው። ክፍያውም ደህና ነው። ስለዚህ አልጋዎን ለጊዜው ሙሉውን ይተኙበት።

ለሮም ሴቶች ንገሪያቸው ብላኛለች፣ ፈቃድ አገኘሁ። ነጠላው ለትንሣኤ እሷ ጋ ይሆናል፣ ለእንቁጣጣሽ እኔ ጋ፤ እንዲህ ተስማማን።

እኔ የምልከው ነገር የለኝም። ጫፉ ላይ ያሉትን ስሞች ይዤ ያ ፍራሽ የተለጠፈበት ክፍል ሄጄ አንድ ነገር ቀርጬልዎታለሁ። በስልክ ደርሶዎታል። ሐሙስ ሁላችሁም ስትሰበሰቡ ክፈቱት፣ ብቻዎን እንዳይሰሙት። ሲኞራም ይኑሩ።

የእርስዎው መዓዛ


ኦስቲያ፣ ሮም
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ በጆሮዬ ለኖርሽው ለመዓዛ፣

መጪው ዘመን የሰላምና የጤና ይሁንልሽ። ድምፅሽን እንደጠበቀልን አንቺን ይጠብቅልን። ይህን ሰላምታ ለሳምራዊት ብዬ ለዓመታት ያስቀመጥኩት ነው፤ አሁን ባለቤቱን አገኘ።

አደራሽን ጠብቄ ሳልሰማው ሐሙስን ጠበቅሁ። ሲኞራን ከቤት ማንቀሳቀስ ቀላል እንዳይመስልሽ። በትሬኖ፣ በባቡር፣ አይሆንም፣ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ በመጨረሻ አሌክስ የሚባል የዘመናይ ጎረቤት በመኪናው አመጣልን። ሲኞራ ኮፍያ አድርገው፣ ከንፈራቸውንና ዓይናቸውን ተቀብተው መጡ፤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ አሉ። ለሴቶቹ መጀመሪያ ታሪኩን ነገርኳቸው። ዘመናይ አላምንም ብላ ተነሳች። «እንግዲያው ስሚ» ብዬ ስልኩን መሐል ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

«አመተ ማርያም እባላለሁ። እኔ ስም አለኝ። በስሜ ጥሩኝ።»

ትርንጎ ናት። ራሷ ናት። ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ። ዘመናይ ቆማ እንደነበረች «ዘመናይ እባላለሁ» ሲባል ሰማችና ባለችበት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አበበች ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች። አንድ በአንድ ሁላችንንም አዳረስሽን። በመጨረሻ «ኤልቪራ እባላለሁ» አልሽ። ሲኞራ አማርኛ ባያውቁም ስማቸውን አወቁት። እጄን ያዙኝና «ምን አለች?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ድገሚልኝ» አሉ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ በጣሊያንኛ ያሉትን እንዲህ ብዬ ልጻፍልሽ፤ «ዕድሜ ልኬን ለሰው አፍ ድምፅ ስሰጥ ኖርኩ። ለእኔ የሰጠኝ ሰው ዛሬ ገና ነው።» የተቀቡት ሁሉ ታጠበ፣ እኔው ነኝ የጠረግሁላቸው።

ሻይ ስንጠጣ ዝምተኛዋ አበበች ናት ያስተዋለችው። «የሁላችንን ስም ጠራች፣ የራሷን ግን አልጠራችም» አለች። እውነቷን ነው። መልሰን ሰማነው፣ የለም።

እንግዲህ እንዲህ ተባብለናል። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ በዓሉ በወጣ ማግስት፣ ሁላችንም ዘመናይ ቤት ሆነን እንደውልልሻለን። ሲኞራም ስምሽን እየተለማመዱ ነው፤ «ዛ»ዋ ትንሽ አስቸግራቸዋለች፣ ግን ሙያቸው ነው፣ ይይዟታል። የምንነግርሽ ብዙ ነገር የለንም። ስምሽን ልንጠራሽ ነው።

አሁን የምትደብቂው ድምፅ የለሽም፣ መዓዛዬ። ስልኩ ሲጠራ አንሺው።

አመተ ማርያም